ደጅ ጥናት

የላፕላንድ በረዶ ሽቦ በጠሰና፣
ታውኖ መሪ ይዞ ቁጭ እንዳለ ገና።
«መስመር እፈልጋለሁ፣ ትንሽ ጠብቅ» ይላል
ስክሪኑ። መኪናው ተወልውሎ ቆሟል፤
መንገዱም እዚሁ ነው፣ ዲስኩ ላይ ተጠቅልሎ፣
ኩርባው፣ ጥዱ፣ ጭቃው፣
ያውም ሙሉ ዋጋው ባንድ ጊዜ ተከፍሎ።
በገዛ ገንዘቡ በገዛው መኪና
አይቶት የማያውቀው ሰርቨር ደጅ ይጥና?

መስመሩ ሲኖርማ፣ እውነት እንናገር፣
ኢሶልዳ ከቺሊ ኩርባ ላይ ስትቀድመው ሲስቅ ያድር ነበር።
ስድሳ ስምንት ዓመቱ፤ ጎረቤቱ ሩቅ።

ወደ ጋራዥ ወጣ። አሮጌዋ ላዳ
ሦስት ጊዜ አሳላት፤ ይለፍ ቃል ሳትጠይቅ
ተነሳች፣ ፀሐይ በሌለው ማለዳ።
የትም አልሄደባትም፤ መንገዱ ተዘግቷል።
ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳል።