ልሳነወርቅ ሲጨምር

ካዛንቺስ መሀል ላይ፣ ከማተሚያው ጓሮ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣
አራት ሆነን ነበር ካርታ የምንጫወት፣
ሰው ሳንጨምርበት፣ ለአሥራ አንድ ዓመት።
እኔና ጉልላት፣ ባለሱቁ ፍርድአወቅ፣
ከቴሌ በጡረታ የወጣው ልሳነወርቅ።

ስም አውጪው ተሳስቷል። ልሳን የት ነበረው?
አሥር ብር ስንጨምር ካርታውን ነው የሚጥለው፤
በሁለት ጣት ይዞ፣ ገፋ ያደርግና፣
ሕፃን የተኛበት በር እንደሚዘጋ ሰው፣
በዝግታ፣ በትሕትና።
ሻዩን ያማስላል፣ ሳይጠጣ፣ ሳይበላ፤
“አቶ ጣልኩ” እንለዋለን፣ ሲወጣ፣ ከኋላ።

የዚያን ሐሙስ ዝናብ
ቆርቆሮው ላይ ምስር ሲበትን አምሽቶ፣
መብራት ሄዶ፣ መጥቶ፣
ሦስት ንጉሥ ደረሰኝ፣ ከሁለት ሰባት ጋር።
ፉል ነው፤ ጠዋት በቃሪያ ስለሚበላው
አይደለም የምናገር።

ደስታን ፊት ላይ ማፈን፣ ይኸው ነው ጨዋታ፤
ጆሮዬ ሲቀላ ጉልላት አየና
ካርታውን ጣለ በእርጋታ።
ፍርድአወቅም ጣለ። ሃምሳ ብር አስቀመጥኩ፤
ልሳነወርቅማ ይጥላል ብዬ፣
ብሩን ለመሰብሰብ እጄን አንቀሳቀስኩ።

“ሁለት መቶ” አለ፣
ማንኪያው እየዞረ ብርጭቆው ውስጥ ሳለ።

ማነው? ብዬ ዞርኩኝ። ከኋላዬ ማንም የለም፤
ያንን ድምፅ በአሥራ አንድ ዓመት ሰምቼው አላውቅም።
“አራት መቶ” አልኩት። “ሺህ” አለኝ ፈጥኖ፣
እንደ ታክሲ ረዳት፣ አንገቱ ደንድኖ።
ፍርድአወቅ ሲጋራው ከጣቱ ወደቀ።
ምን ነካው ይሄ ሰው? ምን ያዘ? ምን አወቀ?
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ዛሬ አፉ ቢከፈት
የንብ መንጋ ወጣ፣ አንድ ሳይቀር።

ሺሁን አሟላሁ፤ አምስት መቶ ጨመርኩ።
ኪሱን ዳበሰ። ባዶ። እፎይ አልኩ።
ከሸሚዙ ሥር ግን፣ ከደረቱ ፀጉር፣
ቁልፍ ጎትቶ አወጣ፣ በጥቁር ማተብ ክር።
“ተቀበለኝ” አለ፣ “የቤቴ ቁልፍ ነው።”
ቤቱን ሁሉም ያውቃል፤ ግንቡ ላይ
ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ነው፤
ሰኞ ጠዋት ዶዘር ቀጠሮ የያዘለት፣
የሱም ያልነበረ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት።

ጉልላት ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ።
ማንም አልተናገረ።
የሚፈርስ ቤት ቁልፍ ስንት ብር ያወጣል?
ተመን የለውም። ደግሞስ ማን ይጠይቃል?
ጥሎ፣ ጥሎ፣ ጥሎ፣ የሚጥለው ሲያጥረው፣
መጨመር ነው የቀረው።

ልጣልለት ይሆን? በኀዘኔታ መሸነፍ ስድብ ነው ለራሱ።
ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ብሩንም ወድጄዋለሁ፤
ኪራይ ይጠብቃል፣ ልጆቹም ጫማ ጨረሱ።

“ልየው” አልኩ። ገለጥኩ። ነገሥታቱ ተደረደሩ።
እሱ ግን አልገለጠም።
ፊታቸውን እንደደፉ፣ በሁለት ጣት፣ ቀስ፣
ካርታዎቹን ገፋቸው። የቀዘቀዘ ሻዩን ጨልጦ
አፉን አደረገ አበስ።
ወጣ።

ፍርድአወቅ፣ “አስ አይቻለሁ፣
አራትም ይመስለኛል”፤
ጉልላት፣ “ባዶ ነበር፣ ባዶ፣ እሞትልሃለሁ” ይለኛል።
እኔ ሳላይ በወዝኩ።
ቁልፉን ኪሴ አኖርኩ።

አሁን እዚያ ቦታ ሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል፤
ማተሚያ ቤቱም የለም፤ ሐሙስም ተበትኗል።
ልሳነወርቅ አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው አሉ።
አንድ ማታ ደወለ። ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ፣
ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሁሉ።
ከዚያ ዝም አለ። ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ሰማሁ።
“በሩን ድንገት ካገኘኸው” አለኝ፣ “ቀስ ብለህ ዝጋልኝ፤
ቁልፉ አንተ ጋ ስለነበር
ሳልቆልፈው ነው የወጣሁ።”