የተበየደ ድምፅ

ላውልቅ? ወይስ ልግባ ከነጫማዬ?
ደጁ ላይ ተገተርኩ፣ ዝናብ በጀርባዬ።
ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው፣ ሰማዩ አይጠየቅም፤
ከአዌቱ ማዶ የመጣው ሁሉ እንደረጠበ ይገባል፤ ማንም አላወለቀም።

ገባሁ።
ከመሠዊያው ሥር ገመድ በገመድ ላይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፤
ዓይኔ ግን ያረፈው አንዷ መሰኪያ ላይ ብቻ።
ልል ናት።
አርባ ዓመት የሬዲዮ ሐኪም ነኝ፣ ሂርማታ፤
ልል መሰኪያ አይቼ አልተኛም ማታ።

ካቴድራሉን አባ ዘርዓ ዳዊት ፈቀዱ፤
"ከበሮም ድሮ የበሬ ቆዳ ነበር" ብለው ፈረዱ።
አያቷ አባ ጊሳ፣ መቁጠሪያቸው በእጅ፣
የኋላው አግዳሚ ላይ ናቸው፣ ጠጋ ብለው ከደጅ።
ሁለት "አባ" ባንድ ጣራ፤
አንዱ በመስቀሉ፣ አንዱ በፈረሱ የሚጠራ።

ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ፣ ባለሦስት እግር በርጩማ
ተቀምጣለች ነዒማ።
ስታኞ ማቅለጥ ያስተማርኳት፣ ጣቷን ስንቴ ያቃጠለች፣
ቀና ብላ እንኳ ሳታየን አንድ ቁልፍ አዞረች።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። የአግዳሚው እንጨት ነዘረኝ፤
የቦንጋን ዳገት የሚያቃስት የጭነት መኪና ከሩቅ የመጣ መሰለኝ።
ከዚያ ወጣ፤ ዓምዱን ይዞ ጣራው ድረስ ሄደ፤
ተመልሶም አልደረሰ፣ መንገድ ላይ ወለደ።

ያኔ ሰማኋት።
መሀል ላይ ያለችው ሣጥን፣ ጥግዋ የተላጠው፣
የመቶ አለቃ ባንቲደሩ ሬዲዮ ናት።
ጥር ሰማንያ አንድ፣ በጠዋት፣ ሃያ ብር ቀብድ ሰጡኝ፤
"ሐሙስ እወስዳታለሁ" አሉኝ።

ስንት ሐሙስ!
ሠርቼ ጨረስኳት፤ ደረሰኟን በክር አሰርኩባት፤
መደርደሪያው ላይ ስትጠብቅ አቧራው ስንት ጊዜ አረፈባት።
አምና ለነዒማ ሰጠኋት፤
"እንደፈለግሽ ፈልቅቂያት፣ ስማቸውን ግን እንዳትፍቂ" አልኳት።
አሁን፣ በሁለት ጣቢያ መሀል ያለው፣
መርፌው ቶሎ የሚያልፈው፣
ያ የማንም ያልሆነ ሹክሹክታ
ካቴድራሉን ሞላው፤ ሰው ትንፋሹን ገታ።

ድንገት ተንጣጣ። ቀጭ! መብራቶቿ ብልጭ ድርግም አሉ፤
"መብራት ኃይል ነው፣ ለምደነዋል" እያለ ሰዉ ጣራ ያያል፤ አንዳንዶቹም ይስቃሉ።
እኔ አውቃለሁ።
አጎንብሼ ሄድኩ፤ ለመሠዊያው የሰገድኩ መስሏቸው
ሁለት ሲስተሮች ብድግ አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው።
ተረከዜን መሰኪያዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ሶሉ ጎማ ነው፣ አይዘኝም።
እሷ ቀጠለች፤ እኔ አልተነቃነቅኩም።

አንድ ሰዓት ከሩብ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ እኔ ብቻዬን ቆሜ፣
እንደ ልጅነቴ ቅዳሴ፣ ያለ መቋሚያ፣ ያለ አቅሜ።
እግሬ ሲደነዝዝ ድምፁ በተረከዜ ገባ፤
በጉልበቴ አልፎ ወገቤ ላይ ሲደርስ፣ እንደ አሮጌ ወዳጅ፣ ተግባባ።
የት ይሆኑ የመቶ አለቃ? አስመራ? ከረን? አፈር?
ወይስ አንድ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሆነው፣ ሬዲዮ እንዳላቸው ረስተው፣ በሰላም ሲኖር?
ይህን እመርጣለሁ።
ለነገሩ ዛሬም ሐሙስ ነው።

ጭብጨባው አለቀ። አባ ጊሳ ከዘራቸውን ፈለጉ፤
ልጆች ወደ ሣጥኖቹ ተጠጉ፣ አንድም ነገር ሳይነኩ ፈዘው ቀሩ።
ነዒማ ገመዷን እየጠቀለለች እግሬ ሥር ደረሰች፤
አየችኝ፤ መሰኪያዋን አየች፤
"ጋሽ ዘለቀ፣ እግርዎን ያንሱልኝ" አለች።

አነሳሁ።
የሣጥኗ መብራት ድርግም አለ፤
ጣራው ላይ ዝናቡ፣ የትም ሳይሰካ፣ ቀጠለ።