የአንገት ብየዳ

አቆምኳት ይመር ጋራዥ ደጅ፣ ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣
ያባቴን ሞተር፤ «እንግዲህ
ካንገቷ ቁረጥልኝ» አልኩት፣ «ሾኳን አስረዝመህ በየድ፣
መሪዋ ከትከሻዬ ይብለጥ፣ ወንበሯ ወደ አስፋልት ይውረድ፤
ቾፐር ትሁን። ኮምቦልቻ አንገቱን አዙሮ ይያት።»

ይመር ምንም አልመለሰ። ከሞርሳው አጠገብ አስደግፏት
ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ቆየና፣ እጁ ቀጥ።
«ና እየው ይሄን።»
ከቀለሙ ሥር ያበጠ የብየዳ ጅማት።
«ሐረጎ ላይ ወድቆ ነው፤ የከብት ክትባት ጭኖባት
በረዶው ሳይሟሟ ባቲ ልድረስ ብሎ ሲቸኩል።
እኔ ነኝ የበየድኩት፣ በጋዝ፣ እኩለ ሌሊት፤ ንካው እስቲ በል።

መቁረጡ አይከብደኝም፤ ብረት ነው፣ ይቆረጣል።
ግን ረጅም ሾክ ሐረጎን አያውቅም፤ ኩርባው ላይ ይለግማል፣
ገና ስትጠመዝዘው ገደሉ ቀድሞህ ይመጣል።
ቾፐር ካማረህ ከባዶ ጀምር፤ ውዳቂ ሻንሲ አላጣም።
ያለችውን ማስጌጥ ሌላ ነው፤
ሙሽራ ብትኳል ስሟን አትለውጥም።»

ወንበሯን ቀየርን። ማርሚታዋን አሳጠርን።
ሰልባትዮዋን እንደ መርሳ ብርቱካን ቀባን፤
ጎድጓዳዋን ግን ተውናት፣ የጉልበቱ ማረፊያ ናት፤
ጠባሳዋንም ቀለም ከልክለን በቫርኒሽ ብቻ አለፍናት።

ትናንት ደሴ ወጣሁባት። ኩርባ በኩርባ ታዘዘች።
ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ማታ፣ ይመር ቆልፎ ሲሄድ፣
ቆርቆሮ በሩ ላይ በጠመኔ ሳልኩ፦
አንድ ረጅም ሾክ፤ ከፊቱ ኩርባ የሌለው መንገድ።

ጠዋት ስመጣ አልጠፋም።
የኋላ ጎማ ተጨምሮበታል፤
የይመር እጅ ነው።