የመስኮቱ እጀታ

"መኪናሽ ተገኘች" አለኝ ሳጅን ኦርዳኔስ፣
ከዚያ ዝም አለ፣ ቃል ፈልጎ እስኪመለስ።
ያንን ዝምታ እኔ ከማንም አውቀዋለሁ፤
ሌሊት ከሆስፒታል ለሰው ቤት እደውላለሁ፤
"ተርፏል" ካልኩ በኋላ፣ "ግን" ከማለቴ በፊት፣
አንዲት ትንፋሽ አለች፣ የምትረዝም ከሌሊት።

ከአንቶፋጋስታ ወዲያ፣ ከጨው ማዕድኑ ዳር፣
ዝናብን በወሬ ብቻ በሚያውቀው ምድር፣
አራት ድንጋይ ረግጣ ቆማ አገኘኋት፤
ጎማ የለ፣ ባትሪ የለ፣ ሬዲዮዋን ነቅለዋት፣
የኋላ ወንበሯንም ወስደዋል፤ ለሳሎን ይሆን?
ሰው ሰርቆ ሲደክመው ሊያርፍበት ምሽቱን?
መሪዋን ብቻ ተዉልኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት መዳፌ የላገው፤
አሸዋ ነበረበት፤ ጨበጥኩት እንዳለ፣ ሳልጠርገው።

ኤሊሴዮ መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ቆየ፤
ሲወጣ፣ ከእኔ በፊት የእጁን ጨርቅ ነው ያየ።
"እውነቱን ልንገርሽ" አለና ዋጋውን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጻፈው፤
"ብትሸጪያት ይህን ታወጣለች፤ ለማሠራት ደግሞ..."
ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፈነው።

ኢንሹራንስማ አለኝ፤
ለሦስተኛ ወገን ነው፤ እኔ አንደኛዋ ነኝ።

እህቴ ሬሜዲዮስ፣ ስሟ መድኃኒት፣ ምላሷ እሬት፣
"ሽጪያት" አለች "ለአሮጌ ብረት፤
ሌባ ያደረበት ወንበር ላይ ልትቀመጪ?
በወንፊት ውሃ ስትቀጂ ዕድሜሽን ልትፈጂ?
ሞተር ሲባል እኮ ግማሽ ስሙ 'ሞተ' ነው፤
ከጅምሩስ ቢሆን ማን ነበር ያመነው?"

እሺ አልኳት፤ ከልቤ ነበር።
ማታ ለስንብት ሄድኩ፤
ኤሊሴዮ ገርበብ አድርጎ ተወልኝ የጋራዡን በር።
ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄ በልማድ ሄደ ወደ መስኮቱ እጀታ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ ወዳላለው፣ ቀንም ሆነ ማታ።
በጥር ሙቀት እንኳ ለፓርኪንግ ትኬት
በሩን ከፍቼ ነበር እጄን የምዘረጋ፤
"ነገ አሠራዋለሁ" ስል፣
ነገም እንደ መስታወቱ ተጣብቆ ሳይነጋ።

አዞርኩት።
ወረደ።
ሳይንጫጫ፣ ሳያንገራግር፣ በግራሶ እየተንሸራተተ ወረደ።
መልሼ አዞርኩ፤ ወጣ። ደግሜ፤ ወረደ።
በጠፋችው ብሎን ፋንታ የልጅ ፀጉር መያዣ፣
አረንጓዴ ቢራቢሮ፣
አንድ ክንፏ ተቆልምሞ ተሸጉጣለች።

እዚያው ቆየሁ።
ማን ነው? አባት ነው?
ያ ወንበር ሳይነቀል፣ ልጅቷ ከኋላ ሆና "ሞቀኝ" ብላው ነው?
ሰድቤዋለሁ። አሁንም እሰድበዋለሁ፤
ጎማዬን በልቷል።
ግን በሁለት ሳምንት፣
እኔ በዘጠኝ ዓመት ያላደረግሁላትን አድርጎላታል።
ቅናት ይሁን እፍረት፣
ጉሮሮዬ ላይ ለቆመው ነገር ስም አላወጣሁለትም።

ጠዋት ኤሊሴዮ "ቆረጥሽ?" አለኝ።
"አላውቅም። በዚህ ወር ሁለት ጎማ ግዛልኝ።
በሚቀጥለው ሁለት። ከዚያ እናያለን።"
"በሁለት ጎማ እኮ የትም አትሄድም!"
"እንድትሄድ አይደለም፤
ከድንጋዩ ላይ ግማሽ በግማሽ እንድትወርድ ነው።"
ራሱን ነቀነቀ። "መስኮቱንስ ልየው?
የሆነ ነገር ነው የሸጎጡበት።"
"እሱን አትንካው።"

ሥራ እንዳይረፍድብኝ አውቶቡስ ያዝኩ፤
መቀመጫ አልነበረም።
አንድ ሽማግሌ ከመስኮቱ ጋር ይታገላል፤ እምቢ አለው፤
ላቡን ጠረገ፣ ደግሞ ሞከረ።
እጄ ኪሴ ውስጥ፣
በዝግታ፣
ዞረ።