ከነኮከቡ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ሼሜሽ፣ ቤዝቦል ሜዳው ላይ፣
ኖራ በጋሪ እየገፋሁ መስመር ሳሰምር በፀሐይ፣
ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሄርሽልና ኖርማን፣
አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ያስነሳሉ ሙታን።

«ስትራውድ ነው» ይላል ሄርሽል፣ «ማን አለ ከሱ ወዲያ፤
ባቡር ላይ አድሮ የሚመታ፣ በተጣፈ ማልያ።»
«ኦላቫሪያ ነው» ይላል ኖርማን፣ «ያንተ ሰው መች ገጠመው፣
እንደ ዛሬው ቢወረውሩለት ዓይኑን ነበር የሚያመው።»
«አራት ዓመቱን ጦርነት በልቶበታል!
እሱ ቢደመርለት ስንት ይመታል?»
ከዚያ ይደምራሉ፤ ያልተመታውን ኳስ፣
ያልኖረውን በጋ፣ ምራቅ በነካው እርሳስ፣
በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ፣
ለሞተ ሰው ዕድሜ ሲቀጥሉ፣ በያመቱ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰባ።

ሜዳውን ዐሥራ አንድ ዓመት ጠረግሁት፣ አጠጣሁት፤
ሕጉን ግን ከነሱ ጭቅጭቅ ነው የለቀምሁት።
መጀመሪያ የገረመኝ፦ ያ ሁሉ የሚሮጥ ሰው
ትልቁ ድሉ ቤት መግባት መሆኑ ነው።

አንድ ዓርብ ኖርማን ዞር ብሎ፣ «ቢያድጌ፣ አንተስ?» አለኝ፣
«ካየኸው ሁሉ ማን ይበልጣል?»
ስቄ ላልፈው ነበር። ስሙ ከአፌ አመለጠኝ።

«ፈንቴ» አልሁ። «የአምቦበር ቀጥቃጭ፣
ማረሻ ሲያወጣ የሚውል፣ ክንዱ የወይራ ግንድ።
በዓሉ የኛ አይደለም፣ የጎረቤት ነው፤
ዓመቱን ሙሉ ቡዳ ሲሉት ከርመው
ለገና ግን ይመጡ ነበር፣ ‹ከኛ ጋር ወግን› ሊሉት።
አንድ ቀን ሩሯን አገኛት።
ከወንዙ ማዶ፣ ከጤፉ ክምር ባሻገር ሰደዳት።
እስከ ዛሬ ያገኛት የለም።»

ዝም አሉ። ረታሁ ብዬ ወደ ጋሪዬ ልመለስ ስል
ኖርማን መነጽሩን ጠረገ። «ወንዙ ስንት ሜትር ይሆናል?
ኳሷ ከምንድን ናት? ከእንጨት? እንጨት ይነጥራል።
ነፋሱስ ከኋላው ነበር?
ደግሞስ አንዴ ነው የመታ። አንዴማ ማንም ይመታል።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይባል የለ።
እኔ ጌታም አይደለሁ፤ ደሜ ፈላ።
ወንዙን በእግሬ ለካሁላቸው፣ ከሦስተኛው ቤዝ እስከ አጥሩ፤
ተመለስሁ፣ ጨመርሁ፣ «ሁለት መቶ ክንድ!» አልሁ፣ «ከፈለጋችሁ ቁጠሩ!»
ሄርሽል ወገነልኝ፦ «ዱላው ቆልማማ ነው እኮ፣ ቆልማማ!
በቀጥ ያለ ዱላ ቢሆን አስበው እስቲ፣ ስማ!»

እየጮህሁ መሐል ላይ ነቃሁ።
ለስትራውድ የሚጠይቁትን ነው የጠየቁኝ።
ያው ነፋስ፣ ያው አጥር፣ ያው ጥርጣሬ።
ቡዳ ያለው የለም። ምስኪን ያለው የለም።
እኔን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተቀበለኝ ጸሐፊ
መቼ ተወለድህ ብሎ መልሴን ሳይሰማ፣
«ጃንዋሪ አንድ» ብሎ ጽፎ ነበር ያሳለፈኝ፤
ቀና ብሎ እንኳ አልተከራከረኝ።

ኖርማን ካርቶኑ ላይ ጻፈው፣ ከኦላቫሪያ በታች፦
ፈንቴ፣ አንድ። ከጎኑ ትንሽ ኮከብ።
«ምንድን ነው ኮከቡ?»
«ያጠራጥራል ማለት ነው» አለ። «ስትራውድም አለው።»
በኛ ቋንቋ የሰው ኮከብ ሌላ ነው፤
አልነገርኋቸውም።

የሰንበት ጥሩምባ ጮኸ። ካርቶኑን አጥፈው ኪስ ከተቱ።
ዳገቱን ሲወጡ ይሰማኛል፦
«ክንድ ስንት ነው? የማን ክንድ? የቀጥቃጩ ከሆነማ…»

ኖራዬን ላነሳ ዞርሁ።
የሦስተኛው ቤዝ መስመር ተበላሽቷል፣
ወንዙን ስለካ የረገጥሁት።
እሑድ ጠዋት ጨዋታ አለ።
ለጊዜው ተውሁት።