የውሃው ስም

ከአቃቂ ጣቢያ ጀርባ፣ ሲኖትራክ አፈር ከሚደፋበት፣
ከባሕር ዛፉ ማዶ፣ ሐዲዱ ሣር ውስጥ ከሚጠፋበት፣
ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም አዳራሽ አለ፤
ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው፣ ጎብኚ ከመጣ፣ ካለ።
መግቢያው አሥር ብር ነው፤ ለተማሪ አምስት፤
ለአቶ ዋይስ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ያለ ትኬት።

ሁለት ባቡር አሉኝ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ፣
እንደ ባላንጣ ሽማግሌ፣ ችሎት ደጅ የተቀመጡ።
አንዷ ባለ እንፋሎት፣ ጥቁር፣ ሆዷ የሰፋ፣
ለእርግብ መከላከያ ጭስ ማውጫዋ ላይ ባልዲ የተደፋ፤
ሌላው ናፍጣ ጠጪ፣ አረንጓዴና ቢጫ፣
የሹፌሩ ወንበር ዛሬ የድመቴ መቀመጫ።

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ከቃሊቲ ሚኒባስ ተጋፍተው፣
ጨርቅ በፌስታል፣ ዘጠና ሊደፍኑ የቀራቸውን ሁለት ዓመት በከዘራ ገፍተው።
የናፍጣው ሹፌር ነበሩ። ድሬዳዋ ተወልደው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ ሐዲድ ወጥተው ወርደው።

ታዲያ የገዛ ባቡራቸውን ገልመጥ አድርገው ነው የሚያልፉት፣
ባለ ዕዳ አበዳሪውን ገበያ መሃል እንደሚያልፈው።
ከጥቁሯ ጎን ሲደርሱ ከዘራቸውን ያስደግፋሉ።
ይወለውላሉ።
ጭቃ የለባት፤ አቧራውንም ትናንት አራግፌዋለሁ።
ዝም ብለው ይወለውላሉ።

በጎኗ ነሐስ ላይ ሦስት ፊደል ተቀርጿል።
ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፦ «ኢ፣ ኤ፣ ዩ»።
እኔም ለዓመታት እንደዚያው ሳስጎበኝ ኖሬያለሁ፤
የፋብሪካው ስም ነው ብዬ ዋሽቼም አውቃለሁ።

አንድ ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፦
«ኦ ነው» አሉኝ።
«ምኑ?»
«ሲነበብ። ኦ። ውሃ ማለት ነው፣ በፈረንሣይ።
በዚህ በኩል ነበር የምትጠጣው።
አባቴ እሳት አንዳጇ ነበር።
በየትኛውም ቋንቋ ፊደል አልቆጠረም፤
ይህችን አንዲት ቃል ግን ጠንቅቆ ያውቃት ነበር።
ሌሊት አዋሽ ሲደርሱ፣ ሞጆ ሲደርሱ፣
አፉን በመዳፉ ከልሎ ወደ ውሃው ማማ ይጣራል፦ ኦ—
የማማው ዘበኛም ከጨለማው ይመልሳል፦ ኦ—
እኛ ቤት፣ የደከመው ሰው እንኳ አያቃስትም፣
ውሃ ጠየቀ እንዳይባል።»

ሳቁ። ሳቁን ግን አልጨረሱትም።

«ኋላ ይሄ መጣ» አገጫቸው ወደ ናፍጣው ዞረ፤
«በየማማው የማይለምን፣ እንጨት ፈላጭ፣ እሳት አንዳጅ የማይሻ።
መንዳቱን የተማርኩት እኔ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
የስንብት ደብዳቤ የደረሰው፣ በዚያው ሳምንት፣ አባቴ።
ያነበብኩለትም እኔ። ሌላ ማን አለው?»

«ምን አሉ?»

ጨርቁን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።
«የደሞዝ ነገር አልጠየቀም። የጡረታም።
‹ውሃ ካልጠጣ› አለኝ፣
‹ሲደክመው ምን ይላል?›»

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲመጣ አርማለሁ።
አርባ ልጅ ባንድ አፍ «ኦ!» ሲል
ባልዲው ጭስ ማውጫዋ ላይ ይንቀጠቀጣል፤
ድመቴ ከወንበሯ ዘላ ትጠፋለች፤
ሲኖትራኩ በር ላይ ክላክሱን ይነፋል፣ የተጠራ መስሎት።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ አቶ ዋይስ ሊወጡ ሲሉ፣
ከናፍጣው ጎን ቆም አሉ።
ነሐስ የለውም፣ የተቀረጸ ቃል የለውም፤
የእጃቸውን ጀርባ ብረቱ ላይ አሳረፉ፣
ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚነካ።
ቆዩ።

ቀዝቃዛ ነበር መሰለኝ።
ምንም አላለም።