ላልቶና ጠብቆ

ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ቀለሜን ስበጠብጥ
መጣች ዱኒያ ጣውላ ይዛ፣ ዋጋ ሰምታ የማትደነግጥ።
«ባንድ ወገን ‹ክፍት›፣ ባንድ ወገን ‹ዝግ› ጻፍልኝ» አለች፤
«ቀይ ይሁን። ቀትር ላይ ድሬ ማን ይሠራል?» ብላ ተቀመጠች።

የልብስ ስፌት ልትከፍት ነው፤ ሲንጀር ከአክስቷ ወርሳ፣
የሦስት ወር ኪራይ ከፍላ፣ ቋጠሮዋን አራግፋ ጨርሳ።
ክ፣ ፍ፣ ት። ምን አላት? ብሩሽ ሦስቴ ቢነከር
ያልቃል ብዬ ነበር። እሷ ግን ጀመረች መናገር።

«ጅብሪል ፍሬን ያዥ ነበር፣ ባቡሩ እስኪቆም፤
ከቆመ ወዲህ ግን ከአፉ ቃል የወጣ የለም።
በራችንማ ክፍት ነው፤ በዚህ ሙቀት ማን ዘግቶ ያድራል?
ጎረቤት ይገባል፣ ድመት ትገባለች፣ አቧራው ሳይጠራ ይገባል፤
እሱ ብቻ መሃል ቤት ተቀምጦ
ቁልፉ እንደ ጠፋ ሳጥን፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ።»

ዝም ብዬ ቀባሁ። ሠላሳ ዓመት ጽፌዋለሁ ይህን ቃል፤
ለዳቦ ቤት፣ ለጋራዥ፣ ጥርስ ለሚነቅል።
ለወረዳውም፣ ‹ክፍት የሥራ ቦታ› ብዬ በትልቁ፤
ቦታው ቀድሞ ተይዟል፤ ጫማዎች ናቸው ከሥሩ ያለቁ።
ሰው ሂሳብ ይከፍታል፤ ሰው በወንድሙ ክስ ይከፍታል፤
ቧንቧ ይከፈታል፣ አየር ብቻ ያፏጫል፤
ሬዲዮ ይከፈታል፣ ‹ተኩስ ተከፈተ› ይላል።
አንድ ግሥ ነው፤ ለሠርግ ድንኳንም ለቁስልም ይታዘዛል።
ደቻቱም አንድ ሌሊት... እሱን እንኳ ተዉት፤
ያንን ገጽ አሸዋው ይግለጠው፤ እኔ አልነካ፣ አልከፍት።

በሳምንቱ ተመለሰች፣ ጣውላዬን ከነሽቦው ነቅላ።
«ምነው፣ ቀለሙ ለቀቀ?»
«ቀለሙስ ደህና ነው፤ ሌላ
ነገር መጣ። ፈርዶሳን ታውቃታለህ? የጎረቤቴን ልጅ?
ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፊደል ካየች አታልፍም ከደጅ።
ቆመችና አነበበችው፤ ‹ፍ›ን አጥብቃ፣ ጥርሷን ነክሳ፤
‹ክፍፍት!› አለች፤ ሱቁ የከፋው መስሏት፣ አዝና፣ ድምጿን ቀንሳ።
ዞር ስትል ጅብሪል አለ፣ ከደጃፉ፣ በርጩማ ላይ፤
‹አባባ፣ ክፍት ያለህ አንተ ነህ ወይ?›»

(እዚህ አንቱታ ብርቅ ነው።) ብሩሼ አየር ላይ ቀረ።
«ምን አላት?»
«ሳቀ። ትከሻው ተናጠ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ።
‹እኔ ነኝ› አላት። ሁለት ቃል፣ ከስንት ዓመት ኋላ።
ከዚያ ተነሥቶ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባ፣ እጁ እንኳ ሳይላላ።»

«ታዲያ ለምን ነቀልሽው?»
«ነጥብ ጨምርበት፣ ከ‹ፍ› አናት፤
ግን የሚነሣ ይሁን፤ ሁልጊዜ አይጠብቅም የሰው አንጀት።»

የሚነሣ ነጥብ! በዚህ ሁሉ ዘመኔ ያዘዘኝ የለም።
ቀለም ተቀብቶ የሚወልቅ፣ እንዲህ ያለ አላውቅም።
መዶሻ አንሥቼ መታሁ አንዲት የጫማ ሚስማር፤
ዱኒያ ከኪሷ ቁልፍ አወጣች፣ የካፖርት፣ ጥቁር፣
ባለ አራት ቀዳዳ። በክር አንጠለጠለችው፤ ቃሉ ጠበቀ።
አወረደችው፤ ላላ። ሁለታችንም ሳቅን። ጣውላው እጇ ላይ ደረቀ።

አሁን ቁልፉ ጅብሪል ኪስ ነው። ጧት ሱቁ ሲከፈት
አንዳንዴ ይሰቅለዋል፤ አንዳንዴ ያልፈዋል፣ እንደ መርሳት።
የተሰቀለ ቀን ደንበኛው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ትንሽ ያወጋል።

እኔ ያን ዕለት ቸኩዬ ስሄድ የቀለሙን ክዳን ረሳሁት፤
ቆርቆሮው ክፍት አድሮ በማግሥቱ ደርቆ አገኘሁት፤
ቀዩ ወፍራም ቆዳ አውጥቶ፣ እንደ ጠባሳ አኩርፎ አደረ።
በእንጨት ወጋሁት።
ከሥሩ እርጥብ ነበረ።